የቬልዳው ለፋፊና የእኩል ድርሻው ነገር

ኤልደን ቫቭራ እንጀራው ፀጉር ማስተካከል ነበር፤ ነፍሱ ግን ያለችው በቬልዳ ኮሌጅ ስታዲየም አናት ላይ በተቀመጠችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። በመከር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ መቀሱን ሰቅሎ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ የብረቱን መሰላል እያለከለከ ይወጣና ማይክሮፎኑን እንደ ጡጦ አፉ ላይ ለጥፎ ጨዋታ ይለፍፋል። ቬልዳ የአሜሪካዋ የነብራስካ ግዛት በቆሎ ከአራት በኩል የከበባት ትንሽ ከተማ ስለሆነች፣ ነፋሱ ከተስማማ የኤልደን ድምፅ እስከ መቃብር ቦታው ድረስ ይሰማል። ሟቾቹም ቢሆኑ ውጤቱን ያውቁታል ይባል ነበር።

የኮሌጁ ቡድን ስሙ ጅግራዎቹ ነው። ይህን ስም ያወጣው ሰው ምን ነክቶት እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ በዚያ አካባቢ ጅግራ ማለት ወቅቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጠመንጃ ይዞ የሚያሳድዳት ወፍ ናት። ተጋጣሚዎች ቬልዳ ሲመጡ «አደን ተፈቅዷል» የሚል ጨርቅ ዘርግተው ነው የሚገቡት። የሚያናድደው ደግሞ እውነታቸውን መሆኑ ነው። እዚያ አገር እግር ኳስ የሚሉት እንቁላል መሳዩን ኳስ በብብት ሸጉጦ መሮጥን ነው። የቬልዳ ልጆች ሲሸጉጡት ያመልጣቸዋል፣ ሲሮጡ ይደናቀፋሉ፣ ሲደናቀፉ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃል።

ሕዝቡ ግን ስታዲየሙን ይሞላው ነበር። የሚመጣው ለኳሱ አልነበረም፤ ለኤልደን ነበር።

«ክቡራትና ክቡራን» ይላል ኤልደን፣ ልጁ ኳሱን ጥሎ በግንባሩ ጭቃ ውስጥ ሲደፋ፣ «ቁጥር ሃያ ልጃችን ወድቋል። ግን አወዳደቁን አያችሁልኝ? የጨዋ ልጅ መሆኑ ያስታውቃል።»

ወይም ተጋጣሚው አምስተኛ ጊዜ አግብቶ ሕዝቡ አንገቱን ሲደፋ፣ «እንግዶቻችን አሁንም ገቡ። እኛ ቬልዳዎች እንግዳ ገፍትረን አናውቅም» ይላል። ሕዝቡም የተሸነፈውን ረስቶ ይስቃል።

ወደዚያች ክፍል የወጣበት ታሪክም እንዲሁ የሚያስቅ ነው። በወጣትነቱ እሱም ለጅግራዎቹ ተሰልፎ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ከርሞ አንድ ቀን ሦስት ሰው ሲጎዳ «ቫቭራ፣ ግባ!» ተባለ። ቡድኑ ነጥብ ሊያገባ አንድ ክንድ ያህል ነው የቀረው። ሁሉም ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ኳሱ እስኪነሳ ይጠብቃል። ሕጉ ከዚያ በፊት የተነቃነቀን ይቀጣል። ኤልደን በዚያች ቅጽበት አስነጠሰው። ማስነጠስ ብቻ አይደለም፤ አካሉ በሙሉ እንደ ፌንጣ ዘለለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ቡድኑ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ጨዋታውም እዚያው አለቀ። አሰልጣኙ ቆቡን መሬት ላይ ወርውሮ ሲያበቃ ኤልደንን በክንዱ ይዞ፣ «ስማ የኔ ልጅ፣ ከእግርህ አፍህ ይሻላል። ወደ ላይ ውጣ!» አለው። ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ሚስቱን አርሊንን ያገኘው ግራንት ፎርክ በምትባለው ጎረቤት ከተማ ነው። ግራንት ፎርክ የሊጉ ባለ ዋንጫ የሆነው የጎሾቹ ቡድን አገር ናት፤ ስለዚህ ትዳሩ በቬልዳ ሰዎች ዘንድ ጠላት አገር ገብቶ የመማረክ ያህል ነበር የታየው። የአርሊን ወንድም ዱዌይን ትራክተር ይሸጣል፤ ፊቱ ቀይ፣ ሳቁ የበር መዝጊያ የሚያናውጥ ነው። በእህቱ ሠርግ ቀን ቀንድ ያለው የጎሽ ቆብ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ቄሱ ቃል ኪዳኑን ረስተውት ነበር።

በዱዌይንና በኤልደን መሃል ያለው ጸብ አንድ ነበር፤ እሱም ድርሻ ነው። ሊጉ ስምንት ኮሌጆች ነበሩት። ጨዋታዎቹን የሚያሳየው ቴሌቪዥን ጣቢያ የሚከፍለው ገንዘብ በአንድ ቋት ይገባና ለስምንቱም እኩል ይከፈላል። ዋንጫ የበላውም፣ ዋንጫ የሚባል ነገር በመስኮት ያየውም፣ ሁሉም እኩል። ደንቡን ያወጡት የድሮ ሰዎች ናቸው፤ ዱዌይን እነዚያን ሰዎች መቃብር ድረስ ሄዶ ቢከራከራቸው ደስ ባለው።

በየዓመቱ በምስጋና በዓል፣ ተርኪ የሚሉት ትልቅ የዶሮ ዘመድ ተጠብሶ ቀርቦ ገና ሳይቆረስ ይጀምራል።

«አማቼ፣ ብላ እንጂ! ዓመቱን ሙሉ የኛን ስትበላ ከርመህ ዛሬ ምን ያሳፍርሃል?»

«የናንተን ስንበላ?»

«ታዲያ የማንን? እኛ እናሸንፋለን፣ ሰው እኛን ሊያይ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ እናንተ ጭቃ ላይ ተንከባላችሁ እኩል ትወስዳላችሁ። ይሄ መዥገርነት ነው እንጂ ስፖርት ነው?»

«ዱዌይን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» ይላል ኤልደን፣ ቢላዋውን በሞረድ እየሳለ። «ባለፈው ቅዳሜ ያሸነፋችሁት ማንን ነው?»

«እናንተን ነዋ!»

«ባለፈው ዓመትስ?»

«እናንተን!»

«እኛ ባንመጣ ከማን ጋር ልትጫወቱ ነበር? ከመስታወት ጋር? መሸነፍም ሥራ ነው፤ ያውም ከባዱን ሥራ እኛ ወስደንላችሁ!»

«ሁለታችሁም ዝም ካላላችሁ» ትላለች አርሊን፣ «ተርኪውን ይዤ መኪና ውስጥ ገብቼ ብቻዬን ነው የምበላው።» አንድ ዓመት እውነትም አድርጋዋለች።

ነገሩ እንዲህ እየተቀለደበት ሲኖር፣ አንድ የጸደይ ጠዋት ሉሚር የሚባል ሽማግሌ ገበሬ የኤልደን ሱቅ በር ላይ ጋዜጣ እያወናጨፈ ደረሰ። ሉሚር ራሱ እንደ ተላጠ እንቁላል መላጣ ነው፤ ፀጉር ቤቱ ግን ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው የለም።

«ሊጉ ሊሰፋ ነው!» አለ። «ከካሊፎርኒያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው። ሳንታ ኢዶራ!»

ኤልደን የደንበኛውን ጆሮ ይዞ መቀሱን አየር ላይ አቆመ። «ሳንታ ኢዶራ? ባሕር ዳርቻ ያለው? የሻርኮቹ ቡድን?»

«ራሳቸው።»

«ምን ሊያደርጉ ነው እዚህ የሚመጡት? ለሻርክ የሚሆን ውሃ እኮ እዚህ ያለው የከብት ገንዳ ብቻ ነው።»

«ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው ያመጣቸው» አለ ሉሚር ጋዜጣውን እያጠፈ። «እዚያ ሕዝብ አለ። እዚህ ያለው በቆሎ ነው፤ በቆሎ ቴሌቪዥን አያይም።»

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሉሚር ቀሪውን አነበበ፤ ሳቁም ቆመ። ሳንታ ኢዶራ ለመግባት የተስማማው ደንቡ በድጋሚ እንዲታይ ጠይቆ ነበር። ከእንግዲህ ገንዘቡ እኩል መከፈሉ ይቅርና ብዙ ያሸነፈ ብዙ ይውሰድ ነው የሚለው። ግራንት ፎርክና ሌሎች ሦስት ጠንካራ ኮሌጆች ሐሳቡን በደስታ ተቀብለውታል። ቬልዳና ሦስት ብጤዎቿ አይሆንም ብለዋል። የኮሌጆቹ ፕሬዚዳንቶች የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ሲያልቅ ታኅሣሥ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። አራት ለአራት ከሆነ ሚዛኑን የሚደፋው ዘጠነኛው፣ አዲሱ፣ ሳንታ ኢዶራ ራሱ ነው።

«እንግዲህ አለቀልን» አለ ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ፣ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠ፣ ግማሹ ያልተቆረጠ።

ዱዌይን በዚያው ቀን ደወለ። «አማቼ! ሰማህ? አዲስ ቆብ ገዛሁ!»

«ምነው፣ የድሮው ቀንዱ ተሰበረ?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። ታኅሣሥ ላይ እንተያያለን።»

ሻርኮቹ እንደተፈሩትም ሆኑ። በመስከረምና በጥቅምት የገጠማቸውን ሁሉ በፀሐይ ላይ እንደ ቅቤ አቀለጡት። ኳሱን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚወረውር፣ ጥርሱ ከሩቅ የሚያበራ ልጅ ነበራቸው። የአየር ጠባዩ ገና ሞቃት ስለነበር የሜዳማው አገር ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ አያቸው። ጅግራዎቹ በበኩላቸው ሲሸነፉ ሰነበቱ። ከዚያ የቀን መቁጠሪያው ላይ ኅዳር መጣ፤ ሻርኮቹም ወደ ቬልዳ።

ጨዋታው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ኦስትራይክ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጡ። አጠር ያሉ፣ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ በመምህርነታቸው ዘመን ሒሳብ ያስተማሯቸው ሁሉ እስካሁን ሲያዩዋቸው ሸሚዛቸውን ያስተካክላሉ።

«ኤልደን፣ የሳንታ ኢዶራው ፕሬዚዳንት ዶክተር ታልማጅ አብረው ይመጣሉ» አሉት። «ድርሻችን ከቀነሰ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ። እግር ኳሱን ብቻ አይደለም፣ የሴቶቹን መረብ ኳስም፣ የውሃ ዋናውንም ልንዘጋ ነው። ስለዚህ እኚህ ሰው ከዚህ ሲሄዱ ደስ ብሏቸው መሄድ አለባቸው።»

«እኔ ምን ላድርግ፣ ዶክተር?»

«ምንም። እሱ ነው ችግሩ። ምንም እንዳታደርግ ነው የመጣሁት። አንድም ቀልድ እንዳትናገር።»

ኤልደን ተቀመጠ። «አንድም?»

«አንድም። ደግሞ ስታዲየሙ ውስጥ ማሞቂያ ያለው ያንተ ክፍል ብቻ ስለሆነ እሳቸው ካንተ ጋር ነው የሚቀመጡት።»

«ክፍሌ ውስጥ? አጠገቤ?»

«አጠገብህ። መልስ መስጠት ሲያምርህ፣ አፍህን ከመክፈትህ በፊት የሚበላ ነገር አቅርብላቸው።»

ኤልደን ያን ሳምንት ጨዋ መሆን ሲለማመድ ሰነበተ። አርሊን ድንች እየላጠች የእንግዳውን ቦታ ትጫወታለች። «ሚስተር ቫቭራ፣ ቡድናችሁ የሞተ ነው» ትለዋለች። እሱ ቀይ ሆኖ፣ ላብ አጥምቆት፣ «ድንች ይጨመርልዎ?» ይላል። «ጎበዝ» ትለዋለች አርሊን። «እንዲህ ሆነህ ባገባህ ኖሮ ስንት ዓመት ባረፍኩ!»

ቅዳሜ ከሰሜን በኩል የመጣው ነፋስ የበቆሎውን አገዳ መሬት ላይ አንጥፎታል። ዝናብ ይሁን በረዶ ያልለየለት ነገር ወደ ጎን ይዘንባል። ሻርኮቹ በሁለት አውሮፕላን ትልቋ ከተማ ኦማሃ ደርሰው፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጥተው፣ ከበሩ ሲወርዱ አንድ በአንድ እንደገና ወደ ውስጥ ሊመለሱ ሞከሩ። ዶክተር ታልማጅ ረጅም፣ ፀጉራቸው በጄል የተኛ፣ በቀጭን ኮትና ካልሲ በሌለው ጫማ የመጡ ሰው ነበሩ። መሰላሉን ሲወጡ ጄሉ በረዶ ሠራ። ኤልደን በሙያው ምክንያት ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው፤ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ልትረዳው አብራ የወጣችው አርሊን እግሩን ረገጠችው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ዶክተር» አለ። «ቺሊ ይቅረብልዎ?»

አርሊን የከብት በረት ስትገባ የምትለብሰውን ካፖርት አለበሰቻቸውና ቺሊ የሚባለውን ትኩስ የሥጋና የባቄላ ወጥ በሳህን፣ ከጎኑ ስኳር የፈሰሰበት የቀረፋ ዳቦ ሰጠቻቸው። ሰውዬው ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ።

«ይህ ጣፋጭ ከሾርባው በኋላ ነው?»

«አብሮ ነው» አለች አርሊን። «ነክረው ይብሉት። ካልጣመዎት እኔ እበላዋለሁ።»

ነክረው በሉት። ሌላ ጠየቁ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ታልማጅ በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ሚስተር ቫቭራ፣ በዚህ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፋችሁም አይደል? ታዲያ እኩል ድርሻ መውሰድ ትንሽ አያሳፍርም?» አሉ።

የኤልደን አንገት ደም ሥር ተገተረ። ለዓመታት ለዱዌይን ሲመልሰው የኖረው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። አርሊን ዳቦ ቆራጩን ቢላዋ ይዛ ታየዋለች።

«ዳቦ ይጨመርልዎ?» አለ።

እስከ እረፍት ሰዓት ሰውዬው አምስት ጊዜ ስለ ድርሻ አነሱ፤ አምስት ጊዜ ተጨመረላቸው። ቀበቷቸውን ፈቱ።

ታች ሜዳው ላይ ግን ማንም ያላሰበው ነገር ይታይ ጀመር። ኳሱ እንደ ሳሙና ነው። ያ ጥርሱ የሚያበራው ልጅ ሲወረውረው ነፋሱ ተቀብሎ አንዴ ወደ ሙዚቃ ጓዱ፣ አንዴ ወደ አምቡላንሱ ይወስደዋል። የሻርኮቹ ጣት ደንዝዟል። ጅግራዎቹ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ጭቃ ተጫውተው አያውቁም፤ መውደቅም ብርቃቸው አይደለም። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይወድቃሉ። ሻርኮቹ በአንድ ወቅት የቬልዳውን ልጅ በራሱ መስመር ጀርባ ይዘው ጥለው ሁለት ነጥብ አገኙ። ከዚያ ሌላ ማንም ምንም ማግባት አልቻለም።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ኦልትማንስ የሚባለው የወተት ላም አርቢ ልጅ ኳሱን በእግሩ መትቶ በግቡ ሁለት ቋሚዎች መሃል፣ ከአግዳሚው ብረት በላይ ሊያሳልፍ ቆመ። ከገባች ሦስት ነጥብ ናት። ሕዝቡ አልተነሳም፤ ይህን ልጅ ያውቀዋል። ልጁ መታው። ኳሱ ወደ ግራ ሄደ፤ ነፋሱ «ወዴት?» ያለው ይመስል ይዞ መለሰው፤ የቀኙን ቋሚ ነካ፤ አግዳሚው ብረት ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ ማለት ይቻላል። ከዚያ በወዲያኛው በኩል ዱብ አለ። ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ሰዓቱም አለቀ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሁሉም ወደ ኤልደን ክፍል ቀና አለ፤ እሱ ካልነገራቸው አያምኑትም ነበር።

ኤልደን ማይክሮፎኑን ይዞ ደርቋል። ለሽንፈት የሚሆን አንድ ሺህ ቃል አለው፤ ለድል ግን አንድም አላዘጋጀም። ቀልድም ተከልክሏል። አጠገቡ እንግዳው በከብት ካፖርት ተጠቅልለው፣ የቀረፋ ዳቦ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ቀርተዋል።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ በመጨረሻ፣ «ቬልዳ ሦስት፣ ሳንታ ኢዶራ ሁለት።»

ሕዝቡ ሊጮህ ሲል፣ ኤልደን ታች ሜዳው ላይ ያን የኳስ ወርዋሪ ልጅ ብቻውን ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አየው። ያን ጊዜ አፉ ራሱ ሥራውን ጀመረ።

«የሳንታ ኢዶራ ልጆች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቁጥር ስምንት፣ ቀና በል የኔ ልጅ። ዛሬ የወረወርካቸው ኳሶች በሙሉ ልክ ነበሩ፤ ነፋሱ ነው አንብቦ መረዳት ያቃተው። ከባሕር ዳርቻ ተነስታችሁ እዚህ ድረስ መምጣታችሁ ብቻ ጀግና ያሰኛችኋል፤ እኛ ራሳችን ዛሬ ከቤት ለመውጣት ሁለት ጊዜ አስበናል። የቬልዳ ሰዎች፣ እባካችሁ ለእንግዶቻችን አጨብጭቡ። እንዴት እንደሚያም ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ፤ መጀመሪያ ለሻርኮቹ፣ ከዚያ ማሸነፉ ትዝ ሲለው ለራሱ፣ እንደ እብድ። ሉሚር ቆቡን ወደ አየር ወረወረ፤ ነፋሱ ይዞት ሄደ፤ ራሱ ላይ በረዶ እየወረደበት መሳቁን አላቆመም። ዶክተር ኦስትራይክ ግን ታች ቆመው ግንባራቸውን ይዘው ነበር፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው ቀልድ ይሁን ማጽናኛ መለየት አልቻሉም።

ታልማጅ መሰላሉን ሊወርዱ ሲሉ ዞር አሉ። «ሚስተር ቫቭራ፣ እንዲህ ማጽናናት የት ተማሩ?»

«እዚሁ ነው፣ ዶክተር። ብዙ ተለማምጃለሁ።»

«እኔ ብሆን ኖሮ የምለውን አላውቅም ነበር» አሉ ሰውዬው። ከዚያ ለአርሊን፣ «ካፖርቱን ይዤው ብሄድ ይቀየሙኛል?»

«ይሂዱበት» አለች። «ግን ላም ካዩ ይጠንቀቁ። ጠረኑን ያውቁታል።»

ከዚያ በኋላ ሻርኮቹን የሚያድን አልተገኘም። ቀሪዎቹ ጨዋታዎች ሁሉ በሜዳማው አገር፣ በነፋስና በበረዶ ነበሩ። በተከታታይ ተሸነፉ። ግራንት ፎርክ ላይ የደረሰባቸውን ዱዌይን እንኳ ሲያወራው እየሳቀ ሳለ መሃል ላይ አዝኖላቸው ያቆመዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ከአናት ወርደው ከጅግራዎቹ ብዙም ሳይርቁ ተቀመጡ።

ታኅሣሥ ላይ ዶክተር ኦስትራይክ ከኦማሃው ስብሰባ በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ መጡ። ኮታቸውን ሳያወልቁ የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሉሚር ጋዜጣውን ዘቀዘቀ።

«ታልማጅ ተነሱ» አሉ። «ተነስተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹ይህ ሊግ ቤተሰብ ነው› አሉ። ‹ቤተሰብ ውስጥ ለአንዱ ጭን፣ ለአንዱ አጥንት አይሰጥም› አሉ። እኩልነት፣ ወንድማማችነት... ከመናገር ብዛት ድምፃቸው ተዘጋ። የግራንት ፎርኩ ሰውዬ ‹በጸደይ ወቅት፣ ያሸነፈ ይብላ ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?› ቢላቸው፣ ‹ያን ጊዜ ነብራስካን አላየሁም ነበር› አሉት።»

«አምስት ለአራት?» አለ ኤልደን።

«አምስት ለአራት። እኩል እንካፈላለን።»

ሉሚር ወንበሩን በጡጫ መታ። «ስለተሸነፉ ነው እንጂ!» አለ። «ቢያሸንፉ ኖሮ ቤተሰብ ነን ይሉ ነበር? ለራሳቸው ፈርተው ነው!»

«ሊሆን ይችላል» አሉ ዶክተሯ። «ግን ሌላም ነገር ተናግረዋል። ‹ቬልዳ ላይ ስንሸነፍ ማንም አልሳቀብንም፣ እንዲያውም አበሉን› አሉ። ኤልደን፣ ስንት ዳቦ ነው ያበላሃቸው?»

«የጠየቁትን ያህል ነው፣ ዶክተር። በጥያቄያቸው ልክ ነው የሰጠሁት።»

ፍርሃት ይሁን ልብ መነካት፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ተከራከሩበት፤ አልተስማሙም። አርሊን ግን ድምፁ የመጣው ከዳቦው ነው ብላ ቁርጥ አድርጋ ዘጋችው።

የገና ዕለት ዱዌይን አዲሱን ቆቡን ሳያደርግ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ተቀመጠ። ኤልደን ዝም ሊለው አስቦ ነበር፤ ግን ሰውዬው በራሱ ጀመረ።

«ዋንጫውን በላን! በላን እኮ! እናንተ አንድ ጨዋታ አሸንፋችሁ እኩል!»

«እኛ ሥራችንን ሠርተናል» አለ ኤልደን። «እናንተን ባለ ዋንጫ ለማድረግ ተሸንፈንላችኋል። ያንን ባናደርግ ዋንጫውን ከየት ልታመጡት ነበር?»

ዱዌይን ሊቆጣ አስቦ ሳቁ አመለጠው፤ የበሩ መዝጊያ ተናወጠ። «አንተ ሰውዬ ዕድሜ ልክህን ያለ ጥፍር፣ በአፍህ ነው የምትቧጭረው» አለ። «እስቲ ያንን የካም ሥጋ አቀብለኝ።»

በሚቀጥለው መከር ተራው የጅግራዎቹ ሆነና ወደ ሳንታ ኢዶራ ሄዱ። ታልማጅ ለኤልደንና ለአርሊን የአውሮፕላን ቲኬት ላኩ። ዱዌይን ጎሾቹ በዚያ ሳምንት ጨዋታ ስላልነበራቸው «ባሕሩን ለማየት ብቻ» ብሎ በራሱ ገንዘብ ተከተላቸው። በዚያ ፀሐይ ሥር ጅግራዎቹ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላብ አጠመቃቸውና ከመሬት ሳይነሱ ተሸነፉ፤ ውጤቱን ቬልዳ ውስጥ እስካሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው የለም። ያ ቁጥር ስምንት ልጅ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መቀመጫዎቹ ሮጦ መጣና ኤልደንን አቀፈው። የስታዲየሙ ለፋፊ ግን ጅግራዎቹን አንድም ቃል አላጽናናቸውም፤ ውጤቱን አንብቦ ዘፈን ከፈተ። ዱዌይን በዚህ በጣም ተናደደ።

«ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው? ልጆቹ እንዲህ ወድቀው አንድ ነገር አይላቸውም? እኛ አገር እንዲህ አይደረግም!» ብሎ ጮኸ። ዙሪያውን ያሉት የሳንታ ኢዶራ ሰዎች የቬልዳ ደጋፊ መስሏቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አላረማቸውም።

በነጋታው ሦስቱም ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄዱ። አርሊን ጫማዋን አውልቃ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ማዕበል መጣና እስከ ወገቧ አራሳት፤ ጮኸች፤ ተመልሳ ገባች። ኤልደንና ዱዌይን አሸዋው ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ ከወረቀት ላይ ይበላሉ። የመጨረሻዋ ቁራጭ ቀርታ ነበር። ዱዌይን አያት፣ ኤልደንን አየው፤ ከዚያ በጣቱ ለሁለት ሰበራት።

«ያንተ ትበልጣለች» አለ ኤልደን።

«ዝም ብለህ ብላ» አለ ዱዌይን።